መርከቡ በሽሎ ገደል የቆመ ዕለት

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፣ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ስታበቁ «ይሄማ ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ሰው ነው» እንዳትሉኝ ነው። እመኑኝ፣ ልጅነቴን መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ ውስጥ ሳሳልፍ እንኳ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ጅብና ስለ ቡዳ ሲያወሩ «ጅብ አጥንት የሚሰብረው በመንጋጋው ጡንቻ ነው» እያልኩ ጨዋታ የማበላሽ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ «አንተን ያገባች ሴት ወዮላት፣ እንቅልፍ ሲወስዳት እንቅልፍ ምን እንደሆነ ታስረዳታለህ» ትለኝ ነበር። አሁንም ቢሆን አላምንም። ማለቴ፣ ባላምን ደስ ይለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የተመደብኩት ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የበሽሎ ሸለቆ ቁልቁል የሚታይበት አፋፍ ላይ ካለ ትምህርት ቤት። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና መኪና ይቀራል፣ መምህራኑ ሁሉ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እኔ ግን የማጠናከሪያ ትምህርት አስተምራለሁ ብዬ ፈቃደኛ ሆኜ ቀረሁ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ። ቤት የተከራየሁት እትዬ ዘነቡ ዘንድ ነው። እትዬ ዘነቡ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸውን በእኩል እያሳረሱ ገብስና አተር የሚያስገቡ ሴት ናቸው፣ ያላቸው ልጅ አንዲት ናት፣ ትርንጎ።

ትርንጎን በአካል አይቻት አላውቅም። የማውቃት በስልኬ መስታወት ላይ ነው፣ ክብ ፊት፣ ቶሎ የሚመጣ ሳቅ። መጀመሪያ ዐረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች፣ ከዚያ ሆቴል ገባች፣ ከሆቴሉ ደግሞ ሽርሽር የሚሄዱ ሀብታሞችን ከወደብ ወደብ የሚያዞር ትልቅ መርከብ ላይ የመኝታ ክፍል አጽጂ ሆና ተቀጠረች። የእናቷ ስልክ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ስለሆነች፣ መርከቡ ወደብ በደረሰ ቁጥር ልጅቱ በእኔ ስልክ ትደውላለች፣ እትዬ ዘነቡም ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ጽዋ ይዘው ፊቷን እያዩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቋታል፣ «ዛሬም ውኃ ላይ ነው የምታድሪው?»

እኔ ደግሞ ሰው ግራ ሲገባው ማየት አልችልም። አንድ ቀን የመርከቡን ስም ከትርንጎ ተቀበልኩና በስልኬ ፈለግኩት። ላስረዳችሁ፣ እያንዳንዱ ትልቅ መርከብ «እኔ እገሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ወዲህ እየሄድኩ ነው» የሚል ምልክት በሬዲዮ ያለማቋረጥ ይልካል፣ ያንን ምልክት በባሕር ዳር ያሉ ጣቢያዎችና ሳተላይቶች ይቀበሉታል፣ ከዚያ ስማዳ የተቀመጠ መምህር ሳይቀር በካርታ ላይ እንደ ትንሽ ነጥብ ያየዋል። ነጥቡን ሲነኩት የመርከቡ ነገር ሁሉ ይዘረዘራል፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ስንት ፎቅ እንዳለው፣ ከውኃው በታች የሰመጠው ክፍሉ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ፍጥነቱ፣ ወዴት እንደሚያመራ። ስሙን እዚህ አልጽፍላችሁም፣ ገብታችሁ እንድታዩት አልፈልግም። በእኛ ሰፈር «የትርንጎ መርከብ» ነው የሚባለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዘነቡ ገና ደጃፉን ሳልረግጥ «የት ናት?» ይሉኛል። በቃል መንገር ስላልበቃኝ፣ በጭቃ የተመረገው የቤታቸው ግድግዳ ላይ በከሰል የዓለምን ካርታ ሣልኩላቸው፣ አህጉሩን በየቅርጹ፣ ውቅያኖሱን በየስሙ፣ የእኛን ቦታ ደግሞ በትንሽ መስቀል ምልክት አደረግኩበት። እሳቸው ስፌት የሚሰፉበትን ወስፌ ያመጡና እኔ ጣቴን ባሳረፍኩበት ቦታ ግድግዳውን ወጋ አድርገው አንዲት የአተር ፍሬ ይተክሉበታል። በማግስቱ አተሯን ነቅለው ወደ አዲሱ ቦታ። የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እየተከታተሉ ቀሩ፣ ልጅቱ የሄደችበት መንገድ ግድግዳው ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይታይ ነበር።

ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳኑ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው፣ ይህን ግድግዳ ለማየት ሰበብ አያጡም ነበር። አንድ ቀን ከካርታው ፊት ቆመው፣

«ርዝመቱ ስንት ነው አልከኝ?» አሉ።

«ወደ ሦስት መቶ ሜትር ይጠጋል፣ መሪጌታ።»

«በሜትርህ አታስቸግረኝ፣ በክንድ ንገረኝ።»

አሰላሁና «ከስድስት መቶ ክንድ ያልፋል» አልኳቸው።

«የኖኅ ሦስት መቶ ክንድ ነበረች! እጥፍ ነዋ!» ጺማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡ። «ኖኅ ያንን ሁሉ እንስሳ ጭኖባት በቅታዋለች። እነዚህ ምን ቢጭኑ ነው?»

«ሰው ነው የሚጭኑት፣ ለሽርሽር።»

«ከምን ሸሽተው?»

«ከምንም አልሸሹም፣ መሪጌታ፣ ለመዝናናት ነው።»

«ሳይዘንብ መርከብ የገባ ሰው ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉና ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ዘነቡ ግን አልሳቁም። «ይሳቁ፣ መሪጌታ፣ የእርስዎ ልጅ ውኃ ላይ አልተኛች» አሏቸው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትርንጎ ከህንድ ወዲያ ካለ ወደብ ደወለች። ደስ ብሏታል። ውሏ ማለቁን፣ መርከቡ ደግሞ መንገደኛ ሳይጭን ሠራተኞቹን ብቻ ይዞ ወደ ሜድትራኒያን ባሕር ሊዛወር መሆኑን፣ እዚያ እንደደረሰ ወርዳ በአውሮፕላን እንደምትመጣ ነገረችን። «ለመስቀል እቤቴ ነኝ» አለች። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እታለም» አለች ትርንጎ፣ እናቷን የምትጠራው እንዲህ ነው፣ በዓለም ላይ እሳቸውን «እታለም» የሚል ሌላ ሰው የለም፣ «እታለም፣ ቀይ ባሕር ስንገባ እናንተ በግራ በኩል ናችሁ አሉኝ። እውነት ነው መምህር?»

«እውነት ነው» አልኳት፣ «መርከቡ ወደ ሰሜን ሲያመራ ምዕራብ በግራ በኩል ስለሚሆን፣ በመካከላችን ያለው ደግሞ የአፋር ዝቅተኛ ቦታና የወሎ...»

«በቃ በቃ፣ እንዳታስፈትነኝ!» ሳቀች። «እታለም፣ በግራ በኩል እወጣና እንደ ድሮው ከማዶ እንደምጠራሽ አድርጌ እጣራለሁ። ትሰሚኛለሽ?»

ይህን ለማታውቁት ላስረዳ። በእኛ አገር ሸለቆ ለሸለቆ ሰው የሚነጋገረው በመጣራት ነው፣ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ገደል ድምፅ በአፍታ ይሻገረዋል። ትርንጎ ልጅ ሆና እህል አስፈጭታ ስትመለስ ማዶ ዳገቱ ላይ ቆማ «እታለም!» ትላለች፣ እናቷ አህያ ይዘው ሸክሙን ሊቀበሏት ይወርዳሉ።

«ከጠራሽኝ ሦስቴ ጥሪኝ» አሉ እትዬ ዘነቡ። «አለዚያ አቤት አልልም።»

«እሱን እንኳ አውቃለሁ፣ የረሳሁት መስሎሽ ነው?» አለች ትርንጎ።

ይህ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። ከመሸ በኋላ ከደጅ ስምህ ቢጠራ እስከ ሦስት ካልደረሰ አቤት አይባልም፣ ሰው ያልሆነ ነገር አንዴ ወይ ሁለቴ ቢጠራ ነው ይላሉ፣ የመለሰለትን ሰው ይዞት ይሄዳል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «እትዬ፣ ሰይጣን እስከ ሁለት ብቻ ነው መቁጠር የሚችለው ማለት ነው?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«መቁጠርስ ይችላል» አሉ ረጋ ብለው። «ሦስተኛው ላይ ግን ሥላሴ አሉበት፣ አፉ አይከፈትለትም።»

የፍልሰታ ጾም ገባ። መርከቡ የህንድን ውቅያኖስ አቋረጠ፣ አተሯ በየቀኑ ወደ እኛ ቀረበች። በዚያ ሰሞን በቀይ ባሕር ማለፍ ለመርከቦች ያስፈራ ነበር፣ ብዙዎቹ እንዳይታዩ ምልክታቸውን እያጠፉ ነበር የሚያልፉት፣ ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት ነጥቡ ከባሕሩ አፍ ላይ ሲጠፋ እኔ አልደነገጥኩም፣ እትዬ ዘነቡንም «ሆን ብለው ነው ያጠፉት፣ ነገ ከወዲያ ብቅ ትላለች» አልኳቸው። እሳቸው ወደ ቅዳሴ ሄዱ። ተመልሰው ንፍሯቸውን ቀማምሰው ሲጨርሱ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር፣ ገደሉን ጉም ሞልቶት እስከ ግቢያችን አጥር ድረስ ተንጣሎ ተኝቷል፣ ለተማሪዎቼ «ባሕር ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ በነሐሴ ማታ አፋፉ ላይ ቁሙ» እላቸው የነበረው ይህንን ነው።

ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው ጥግ፣ ከድንጋይ ካቡ አጠገብ ብቻ ነው። እዚያ ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ነጥቡ ተመልሷል። የተመለሰው ግን ባሕር ላይ አይደለም፣ አፋር በረሃ መሐል ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳቄ መጣ። ምክንያቱም አውቀዋለሁ፣ ጦርነት ባለበት አካባቢ የሳተላይቱን ምልክት የሚያውኩ አሉ፣ ሲያውኩት መርከቡ ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ካርታው ላይ ተራራ ጫፍ የወጣ መርከብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የቆመ መርከብ ይታያል። ይህን ለእትዬ ዘነቡ በደንብ አስረዳኋቸው፣ በአንድ እጄ ሳተላይት፣ በሌላው መርከብ እየሆንኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

እንደገና ሳየው ወሎ ገብቷል። እንደገና ሳየው ወሎን ጨርሷል። ፍጥነቱ ላይ የተጻፈው ግን የወትሮው የመርከብ ፍጥነት ነው፣ በዚያ ፍጥነት ከአፋር ወሎን ለመጨረስ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ ነበር። አቅጣጫው፣ ወደ ምዕራብ። ከዚያ ቆመ። ካርታውን አሰፋሁት፣ የበሽሎ ወንዝ ሰማያዊ መስመር፣ አጠገቡ የእኛ ቀበሌ ስም፣ መሐላቸው ነጥቡ። ነካሁት። ሁሉም እንደ ወትሮው ተዘረዘረ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ፎቆቹ፣ ከውኃው በታች ስምንት ሜትር። ፍጥነት፣ ዜሮ።

«የት ናት?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ስሕተት ነው፣ እትዬ፣ ቅድም እንዳልኩዎት...»

«ስሕተቱ የት ነው የሚለው?»

በአገጬ ወደ ጉሙ አመለከትኳቸው። «እዚህ ነው የሚለው። ከእኛ በታች።»

አላለቀሱም፣ አላማተቡምም። ዘወር ብለው ቤት ገቡ፣ ተከትያቸው ገባሁ፣ ወስፌውን አንሥተው እኔ መስቀል ያደረግኩበት ቦታ አጠገብ ግድግዳውን ወጉና አተሯን ከባሕሩ ነቅለው እዚያ ተከሏት። «ስሕተት ነው እኮ እያልኩዎት ነው» ስላቸው «እኔስ ስሕተቱን ነው የተከልኩት፣ ነገ ታርመዋለህ» አሉኝ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ነፋስ ሳይኖር፣ ዝናብ ሳይኖር፣ በጣም በቀስታ መርገብገብ ጀመረ፣ ሩቅ የቆመ ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ሲቀር መስኮት እንደሚንቀጠቀጠው ዓይነት። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ጥርሳቸውን አፋጩ። መኪና ነው አልኩ፣ መንገዱ በጭቃ ከተዘጋ ሳምንታት ማለፋቸውን እያወቅሁ። የእትዬ ዘነቡ ውሻ ከደጅ ገብቶ አልጋ ሥር ተጋደመ፣ ድምፁን ሳያሰማ። ከዚያ ከገደሉ ውስጥ ጥሩንባ ተነፋ። ጥሩንባ ስል ሌላ ቃል አጥቼ ነው፣ ወፍራም፣ ረጅም፣ በጆሮ ሳይሆን በደረት የሚሰማ ድምፅ፣ ማዶና ማዶ ያለው ገደል ተቀብሎት ቀስ እያለ አለቀ። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ ነገር የላትም።

ወደ ካቡ ሮጥን። ጉሙ ሞቅ ብሏል። የክረምት ጉማችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ ነው፣ የዚያን ዕለት ግን ከታች የሚመጣው አየር ሰው አፍ የወጣ ትንፋሽ ይመስል ነበር፣ የረጠበ ብረት ብረት ይሸታል። ዐይኔን አጥብቤ አየሁ፣ መብራት ፈለግሁ፣ ያን ሁሉ ፎቅ፣ ያን ሁሉ መስኮት። ምንም መብራት የለም። ከነጩ ጉም ውስጥ ግን ጉም ያልሆነ፣ ጠቆር ያለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነበር፣ የማዶው ገደል ነው እንዳልል የማዶው ገደል ሩቅ ነው።

«እታለ...ም!»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አልሰማሁም። ሸለቆ ለሸለቆ እንደሚጣራ ሰው መጨረሻውን ያስረዘመ የሴት ድምፅ፣ ከታች። አፌን ከፈትኩ፣ አለን ልል፣ እዚህ ነን ልል፣ እትዬ ዘነቡ ግን ዘለው አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። የሌላ እጃቸውን አንድ ጣት አነሡ። አንድ።

ጣሪያው ከኋላችን ይረገበገባል።

«እታለ...ም!»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀረበም፣ አልራቀምም፣ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው፣ የጠራችው ሰው የቆመችበት ቦታ ወደ ታች የወረደ ይመስል። እትዬ ዘነቡ ሁለተኛውን ጣት አነሡ። ፊታቸውን አየሁት፣ ከንፈራቸው «አቤት» የሚለውን ቃል ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ ሦስተኛዋ ጣታቸው በግማሽ ተነሥታ ትጠብቃለች። አፌን የከደነው መዳፋቸው ጠበቀ። ጠበቅን። ጉሙ ጠቆረ፣ ማዶው ጠፋ፣ ቆርቆሮው በየት በኩል ዝም እንዳለ ሳላውቅ ዝም አለ፣ ቀዝቃዛው አየር ተመለሰ፣ ያቺ ጣት ግን በግማሽ እንደተነሣች ናት።

«አንድ ቀረ» አሉ በመጨረሻ። ቤት ላስገባቸው ብል እምቢ አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርከቡ ቀይ ባሕር መሐል፣ ከእኛ በጣም ወደ ሰሜን፣ የወትሮ ፍጥነቱን ይዞ ይጓዝ ነበር። «አላልኩዎትም?» ልላቸው ቤት ስገባ ካርታው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። በአተሯ ዙሪያ ግድግዳው ነጭ አውጥቷል፣ እንደ ውርጭ። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። «ጨው ነው» አሉ። እርጥብ ግድግዳ ጨው ያወጣል፣ የታወቀ ነገር ነው፣ ይህንንም አስረዳኋቸው። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ሁሉ ደረቅ እንደነበሩ ግን ሁለታችንም እናይ ነበር።

ትርንጎ አልደወለችም። መርከቡ ወደብ ገባ፣ አልደወለችም። እኔ ስደውል አይነሣም። ቆይቶ አንዲት ኬንያዊት የሥራ ጓደኛዋ በእንግሊዝኛ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፣ እያለቀሰች ስለነበር ደጋግሜ ነው የሰማሁት። ያን ዕለት አመሻሽ ሥራ ጨርሳ «እናቴን ልጠራት ነው» ብላ እየሳቀች በግራ በኩል ወዳለው ሰገነት ወጣች። ጓደኞቿ ከታች ሆነው ድምፅዋን ሰሙ፣ በአገሯ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ስትጣራ፣ ሳቁባትም። ከዚያ ዝም አለች። ሊጠሯት ሲወጡ የለችም። መርከቡ ቆመ፣ ጥሩንባውን እየነፋ እስኪነጋ ፈለጓት፣ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ቃል በቃል ለእናት የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳቸውም፣ ለእናንተ እነግራችኋለሁ፣ እናንተም ስማዳ ብትሄዱ አትንገሯቸው። በመርከቡ ላይ ጥሩንባው የተነፋው ከጠፋች በኋላ ነው። እኛ ግን ጥሩንባውን የሰማነው ከጥሪዋ በፊት ነበር። እኛ የሰማነው ጥሪ እንግዲህ ጓደኞቿ የሰሙት አይደለም። ያን ጊዜ ሰገነቱ ላይ አልነበረችም።

ሰው ተሰበሰበ፣ መሪጌታ ልሳኑም መጡ፣ ያ ሁሉ ቀልዳቸው የለም።

«ዘነቡ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጅቱን እናልቅሳት። ፍትሐት ይደረግላት፣ ነፍሷን አናንገላታት።»

«መሪጌታ፣ ለሕያው ፍትሐት ይደረጋል?»

«አይደረግም።»

«እንግዲያው ልጄ ሁለቴ ነው የጠራችኝ፣ አንድ ይቀራታል። ጥሪዋን ያልጨረሰች ልጅ እንዴት አለቅሳለሁ?»

ሰዎቹ ጥቂት ተቀምጠው፣ ሳያለቅሱ፣ አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ፣ ያልተለቀሰ ልቅሶ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ ከሚለቀሰው ይከብዳል። ሁሉም ከሄዱ በኋላ እትዬ ዘነቡ ግድግዳውን እያዩ፣ ለእኔም ይሁን ለሌላ፣ «ሦስት ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «በመጀመሪያው አቤት ብላት ምን ነበረበት። ሰይጣንስ ቢሆን ምን ነበረበት።»

መስቀል መጣ፣ አለፈ። በየማታው ካቡ ላይ ተቀምጠው ወደ ገደሉ ያያሉ፣ ለማንም አቤት አይሉም፣ ጎረቤት ከመንገድ ቢጠራቸው እስከ ሦስት ካልደረሰ አይዞሩም፣ ሰውም ለመደና ሦስቴ መጥራት ጀመረ። ገብሱ ሳይታጨድ ቆየባቸው፣ እኔና መሪጌታ ነን ሰው ለምነን ያሳጨድነው። አተሯን እንንቀላት ብላቸው ወስፌውን ደበቁት። በዓመቱ ዝውውር አገኘሁና ወደ መካነ ኢየሱስ ተመለስኩ፣ እውነቱን ለመናገር ዝውውሩን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መርከቡን አሁንም አልፎ አልፎ አየዋለሁ፣ ከእኛ በጣም ሩቅ ባሕር ላይ ነው፣ ሰው ጭኗል።

ባለፈው ሳምንት፣ ማታ እራት ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ። ትንሿ ስልካቸው ናት።

«መምህር።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«አሁን፣ ቅድም፣ ሦስተኛውን ጠራችኝ» አሉ።

እጄ ላይ ያለው ጉርሻ እዚያው ቀረ። «ከዚያስ?»

«አቤት አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«ምንም።» ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «መምህር፣ ‹እታለም› አላለችኝም። ‹ዘነቡ› ነው ያለችኝ። ልጄ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ስጠብቅ ስለኖርኩ ከአፌ አመለጠኝ፣ አቤት አልኩ።»

እኔም እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ነፋስ ገደል ሲመታ ስለሚያወጣው ድምፅ፣ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ጆሮው እንዴት እንደሚፈጥርለት፣ ብቻ ዝም እንዳይሆን ያህል እናገር ነበር። መሐል ላይ ከእሳቸው በስተጀርባ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ቆርቆሮ ሲረገበገብ፣ በጣም በቀስታ። ዝናብ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«እትዬ፣ እዚያ እየዘነበ ነው?» አልኳቸው።

«አይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከዋክብቱ ይቆጠራሉ» አሉ። «ምነው?»